ዝም ያለው በር

ትርሲት ድንች እየላጠች ሳለ የቤት ሠራተኞችን ሰዓት የሚቆጥረው የጎረቤቷ በር እንደ ወትሮው ተናገረ፤ «ሞግዚቷ የሥራ ሰዓቷ አልቋል፤ አሳርፏት።»

ሕፃኗን ገንፎ የምታጎርሰው አስካለ ቀና አለች።

«እትዬ፣ የኛስ በር ስለኔ ለምን ዝም ይላል?»

«በሩ ላይ ዘመዴ ናት ብዬ ነው ያስመዘገብኩሽ» አለች ትርሲት። የሞግዚት ግብር ላለመክፈል መሆኑን ግን ዋጠችው።

የአስካለ ፊት በራ። «ዘመድ? እኔን? እሰይ! እንግዲያው ማታም እኔው አስተኛታለሁ። ዘመድ ደግሞ ምን ሰዓት አለው!»

ትርሲት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ተነሥታ በሩ ላይ ምዝገባውን አስተካከለች።

«ሞግዚቷ አስካለ የሥራ ሰዓቷ አልቋል» አለ በሩ ወዲያው፤ «አሳርፏት።»

አስካለ ማንኪያውን ቀስ ብላ አቀበለቻት። «ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?»

ትርሲት የቀረውን ገንፎ ራሷ አጉርሳ ጨረሰችና ሳህኑን ወደ ጎን አደረገችው።