ጠጠሩ ላይ

የተሰበረው እግሩ ሩጫ ይችል ይሆን? ጄሶው ከወለቀለት ወዲህ አናጢው ለመጀመሪያ ጊዜ መሮጡ ነበርና አላወቀም። የጫማውን ክር ጠበቅ አድርጎ አስሮ በሐይቁ ዳር ሶምሶማ ጀመረ። ጉልበቱ አልከዳውም፤ ቁርጭምጭሚቱን ግን ጠዘጠዘው።

«አንተ ልጄ!» አሉት ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ አዛውንት። «ይሄን የመሰለ አስፋልት ለማን ለቀህ ነው ጠጠር ላይ የምትሰቃየው? ሙሽራ ሊያልፍ ነው እንዴ?»

ሳቀ። ወደ ግራው ሲያይ ግን ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። አስፋልቱ ባዶ ነበር። ድሮ በግራው በኩል፣ እዚያ አስፋልቱ ላይ፣ ሁልጊዜ አብሮት የሚሮጠው ጓደኛው ነበር፤ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አልጠየቀውም። አናጢው ግን ዛሬም ሳይታወቀው የጓደኛውን ቦታ ለቆለት ይሮጥ ነበር።

ቆሞ ስልኩን አወጣ። «እግሬ ድኗል። ነገ ጠዋት ትመጣለህ?» ብሎ ላከና እዚያው ጠጠሩ ላይ ሩጫውን ቀጠለ። በዚያም ቀን ሆነ ከዚያ በኋላ መልስ አልመጣለትም።