አምቦ ውሃ ብቻ

ኤልሳዕ ብሩክታይትን ለማግባት ሁለት ቀን ጨዋ ሆኖ መዋል ነበረበት።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። ብሩክታይት ከአዲስ አበባ ቀድማው ጉኑኖ፣ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። እሱ ዓርብ ወላይታ ሶዶ ደረሰ። ቅዳሜ አጎቷ አገሩን ያስጎበኙታል፣ ያበሉታል፣ ያጠጡታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉኑኖ ወስደው ከአባቷ ጋር ያስተዋውቁታል። የአባትየው ፊት ከተፈታ ሽማግሌ ይላካል። ካልተፈታ በቃ፣ አለቀ።

"እኛ ቤት መጠጥ አይታወቅም" ብላዋለች በስልክ። "ደግሞ ስለ ዘርህ ይጠይቁሃል። የማታውቀውን አላውቅም በል፤ ምንም አይደለም።"

ኤልሳዕ ቅዳሜና እሑድ ያለ ቢራ አይሆንለትም። ስለዚህ ጆሮው ላይ የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነበር።

አጎቷ አቶ ሚልክያስ አስተማሪ ናቸው፤ የአባቷ ታናሽ ወንድም። ጠዋት በጓደኛቸው በጦና ሚኒባስ መጡለት። ጦና ከመሪው ሳይነሳ ከላይ እስከ ታች ቃኘው።

"ከሲታ ነው" አለ። "ሥጋ ያስፈልገዋል።"

ሥጋ ቤት ገቡ። ጥሬው ቀረበ፤ ከጎኑ ቅቤ፣ ከጎኑ ዳጣ። ዳጣው የኤልሳዕን ዓይን አስለቀሰ።

"ምን ትጠጣለህ?" አሉት አቶ ሚልክያስ።

"አምቦ ውሃ ብቻ።"

"ብቻ?" አለ ጦና ቢራውን እያስከፈተ። "አዲስ አበባ ቢራ አልቋል እንዴ?"

ኤልሳዕ ሳቀ። እግሩ ጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሏል። ሞባይሉን አወጣ። ኔትወርክ የለም። መልሶ ከተተው፣ እንደገና አወጣው።

ጦና አስተናጋጇን ይለክፋት ያዘ።

"እኔ ሚኒባስ አለኝ። አንቺ ምን አለሽ?"

"ሥራ አለኝ።"

ሁሉም ሳቁ። ጦና ቀጠለ፣ በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቃት። መለሰችለት።

"ዘሯን ነው የጠየቃት፤ የእሱው ጎሳ ሆነች" አሉ አቶ ሚልክያስ።

ጦና ወዲያው ለከፋውን ተወ። ከጮማው ቆርጦ፣ ዳጣ ነክሮ አጎረሳት፣ "እህቴ" አላት፣ ወደ ሥጋው ዞረ።

ኤልሳዕ ግን የሚያየው አጎትየውን ነበር። አጎትየው የእሱን ብርጭቆ የሚያዩ መሰለው።

"አባትህ ማን ነበሩ?"

"ኤርካሎ። የወላይታ ሰው መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። ሕፃን ሆኜ ነው የሞተው። እናቴ ጉራጌ ናት፤ እሷም ወገኖቹን አታውቃቸውም።"

"ጎሳውስ?"

ትከሻውን ነቀነቀ።

"እንፈልገዋለን" አሉ አቶ ሚልክያስ።

ከዚያ ተበላ ወደምትባለው ከተማ ወረዱ። የገበያ ቀን ነው። አጎትየው ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄደው ቁጢጥ አሉ። ሁለቱም ዞር እያሉ ያዩታል። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ፓርሶ የሞላ ቅል አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። ጠላ ጠላ ይሸታል። አረፋው ገና አልሞተም።

"ቅመስ፣ የኔ ልጅ። አይገድልህም!"

እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። ቀና ሲል አጎትየው እያዩት ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የአባትህን ስም የሚያውቅ ሰው አጣሁ" አሉት ሲመለሱ።

ሰበብ ነው፣ ብሎ አሰበ። ሴትየዋን ራሳቸው ናቸው የላኩብኝ።

ከሰዓት በኋላ ሶዶ ተመልሰው አንድ ሆቴል ግቢ ገቡ። ሙዚቃ አለ። የወጣቶቹ ወገብ ከሰውነታቸው የተለየ ይመስላል። ኤልሳዕ ዳንስ ይወዳል። መዳፎቹን ጭኖቹ ሥር ከትቶ ተቀመጠባቸው።

"ተነስ እንጂ!" አለው ጦና።

"እኔ አልችልበትም።"

"አይጠጣ፣ አይጨፍር! ጋሽ ሚልክያስ፣ ይሄን ልጅ ለማን ነው የምትሰጡት፣ ለገዳም?"

አቶ ሚልክያስ አልሳቁም። "እኛ የቦሮዳ ጎሳ ሰዎች" አሉ ዘና ብለው፣ "ሰው ወገን ከሌለው እንጨነቃለን። ሌላው ምንም አይደል።"

ኤልሳዕ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

እሑድ ጉኑኖ። አቶ አንጁሎ ረጅም ሰው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን አላወለቁም። እጁን ጨብጠው አስቀመጡት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡ። ብሩክታይት ማጀት ናት፤ ሻርፗን ብቻ በመጋረጃው ስንጥቅ አየ።

"ጎሳህ?" አሉ አቶ አንጁሎ።

አቶ ሚልክያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጁ እንኳ አባቱ ቀድሞ ስለ—"

የአቶ አንጁሎ ፊት እንደተቆለፈ በር ነበር። ኤልሳዕ አላስቻለውም።

"ቦሮዳ ነኝ" አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ውሸቱን ማሳመር ነበረበት።

"ትናንት ማታ እናቴ ጋ ደውዬ ጠየቅኳት። አባትህ ቦሮዳ ነኝ ይል ነበር አለችኝ።"

አቶ አንጁሎ ብድግ አሉ። በሁለት እጃቸው ከተቀመጠበት አነሱት፣ ደረታቸው ላይ አጣበቁት። ፊታቸው ተፈትቶ ነበር። ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር።

"የራሳችን ደም!" አሉ። "ጌታ አንድ ወንድ ልጅ ሳይሰጠኝ ልሞት ነው ስል!"

ወይዘሮ አስካለች እልል አሉ። ጎረቤት እየሮጠ ገባ። የማያውቃቸው ሰዎች ግንባሩን ሳሙት፣ አንዱ ለሌላው አሳልፎ ሰጠው። ኤልሳዕ ሳቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ አረፈ። አቶ ሚልክያስ ብቻ ከመቀመጫቸው አልተነሱም፤ ወለሉን ያያሉ። ተሸነፉ፣ አለ በልቡ፤ አንድ ጠብታ እንኳ አላገኙብኝም።

ወይዘሮ አስካለች እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ማጀት ተጣሩ።

"ብሩኬ! ሥራሽን ተዪና ነይ፣ ወንድምሽን ሳሚ!"