መልህቁን አይቼዋለሁ

ሻዝሊ ከውኃው ብቅ ብሎ የመጥለቂያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና አውራ ጣቱን ቀሰረ።

«አይቼዋለሁ! እስከ ቀለበቱ ድረስ አሸዋ ውስጥ ገብቷል። ዝሆን ቢጎትተው ንቅንቅ አይልም።»

የጀልባቸውን መሰላል ሲወጣ ሚስቱ ነዚሃ ፎጣ ወረወረችለት። ፎጣው በጆሮው ሥር አልፎ ውኃ ውስጥ ገባ።

«ደግሞ አወራወር!» ብሎ ሳቀባት።

እሷ አልሳቀችም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር፣ ሻዝሊ መልህቅ ጥሎ ጠልቆ ሳያየው ምሳ ቀምሶ አያውቅም። ዛሬም ጠልቋል፣ አይቻለሁም ብሏል። ታዲያ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ሆዷ ግን አላመነም። ሆዷ እሱን ማመን ካቆመ ሰንብቷል።

ነገሩ የጀመረው ከረመዳን ወዲህ ነው። ድሮ ሶፋው ላይ ተጋድሞ መልእክቱን የሚያነብ ሰው፣ አሁን የሚመጣለት የድምፅ መልእክት ብቻ ሆኗል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ጥግ ይፈልጋል። የወንድሟ ሚስት ሱአድ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን መጥጣ፣ «እኔ ብሆን ይሄኔ ፈትሼዋለሁ» አለቻት። ነዚሃ አልፈተሸችም። ፈርታ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወደዚህ ወሽመጥ ሲገቡ የጀልባዋን መሪ ለቀቀላት። ለገዛ ወንድሙ የማያስነካውን መሪ!

«አንቺ አስገቢያት። ልመጂ እንጂ» አላት።

በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ልመጂ! የት ሊሄድ ነው ከአሁኑ የሚያለማምዳት?

ካያክ የሚባሉትን ሁለት ጠባብ ታንኳዎች ከጀልባዋ አውርደው ገደሉ ሥር ወዳሉት ዋሻዎች መቅዘፍ ጀመሩ። ሻዝሊ «ቅደሚ» አላት፤ እሱ ነበር ሁልጊዜ የሚቀድመው። ነዚሃ በመልህቁ ሰንሰለት አቅጣጫ እየቀዘፈች ቁልቁል ተመለከተች። ውኃው ኩልል ያለ ነው፣ ሥሩ ያለው ጠጠር እንኳ ይቆጠራል። መልህቁ የባሕር ሣር ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ሹል ጥርሱ ሽቅብ ቀርቷል። አሸዋ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም።

ክው አለች። ከሰዓት በኋላ ሽሂሊ የሚሉት ነፋስ እንደሚነሣ ወደቡ ላይ ሁሉም ሲያወራ ነበር። ሽሂሊ ደግሞ ከደቡብ ነው የሚመጣው፣ ወሽመጡም አፉን የከፈተው ወደ ደቡብ ነው። ሣር ላይ የተጋደመ መልህቅ ይዛ ጀልባዋ አንድ ሰዓት አትቆይም፤ ገደሉ ይፈጫታል። ከጀልባዋ ሌላ ደግሞ ወደ ቢዘርት ወደብ የሚመልሳቸው የለም።

«ሻዝሊ! መልህቁ ደህና ነው አይደል ያልከኝ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ስንቴ ልማልልሽ? እስከ ቀለበቱ!»

«እስቲ አሁን እየው፤ ከሥርህ ነው።»

ሻዝሊ ጎንበስ ብሎ ቁልቁል አየ። ሲያይ ደግሞ አየችው።

«ምን አልኩሽ!» አለ ቀና ብሎ።

ደሟ ፈላ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! በመልህቅ የሚቀጥፍ ሰው በምን አይቀጥፍም? ጀልባዋ ብትሰበርም ግድ የለውም ማለት ነው። ልቡ አንዴ ሄዷል። ፊቷን እንዳያይባት አጥብቃ ቀዝፋ ወደ ትልቁ ዋሻ ደረሰች።

ይህን ዋሻ ያሳያት እሱ ነው፣ በተጋቡ ዓመት። ውስጡ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ስለሆነ ፈርታ አልገባም ስትል አንድ ነገር አስተማራት። የቀደመው የካያኩን ጎን በመቅዘፊያው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ የተከተለው ሰምቻለሁ፣ መጣሁ ለማለት አንድ ጊዜ ይመልሳል። በዚያ ድምፅ እየተመራች እስከ መጨረሻው ገብታ ነበር።

ዛሬ አልገባችም። ከዋሻው አፍ ጎን፣ ፀሐይ ላይ ካያኳን አቁማ ጠበቀችው። ሲደርስ ፊት ለፊት ልትጠይቀው ቆርጣለች፤ ማን ናት ልትለው።

ሻዝሊ አሥር ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመና በቀጥታ ወደ እሷ ተመለከተ። ነዚሃ ምላሷ ላይ ያለውን ዋጠችው፤ እስቲ እሱ ይጀምር አለች።

«ነዚሃ!» ብሎ ተጣራ ወደ ጨለማው ዞሮ። «ገባሽ እንዴ?»

ይቀልዳል ብላ አሰበች። የለበሰችው የዋና ሰደርያ ብርቱካናማ ነው፣ ከሩቅ ይጮኻል። ሻዝሊ እንደገና ወደ እሷ ዞረ፤ ዓይኑም ድንጋዩን እንደሚያልፍ አለፋት።

«ነዚሃ! ኧረ መልሺልኝ!»

ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ሰምታው የማታውቀው ፍርሃት።

ያኔ ገባት። ስልኩ፣ መሪው፣ ቅድም በጆሮው ሥር ያለፈው ፎጣ። ሴት የለችም፤ የሄደው ዓይኑ ነው። ለአፍታ ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላላት አፈረች።

አለሁ በማለት ፈንታ መቅዘፊያዋን አነሣችና የካያኳን ጎን ሁለት ጊዜ መታች።

ሻዝሊ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። በዚህ ሁሉ ፀሐይ ለምን እንደምትመታለት አልጠየቃትም። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ከበስተኋላው የጀልባዋ አፍንጫ ቀስ እያለ ወደ ደቡብ መዞር ጀምሯል።

«ነፋሱ እየተነሣ ነው» አለች ነዚሃ። «እንመለስና መልህቁን እንደገና እንጣለው። ጠልቄ የማየው እኔ ነኝ።»

ካያኳን አዙራ በአጠገቡ አለፈች፣ እንደገናም ሁለት ጊዜ መታች።

ሻዝሊም ከኋላዋ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ መታ።