ጨጓራ ብቻ

ሐኪሙ ኮሪደሩ ጥግ ለብቻዋ አናገራት። «የባለቤትዎ የምግብ ቧንቧ መለወጥ ጀምሯል። ገና ካንሰር አይደለም፤ እንዳይሆን ግን መድኃኒቱን ማቋረጥ የለባቸውም። በየዓመቱም በካሜራ እናየዋለን።»

«እሱ እንዳይሰማ አደራ! ድንጋጤው ይገድለዋል» አለችና ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ባሏ ሄደች።

«ተመስገን በል፤ ጨጓራ ብቻ ነው» ብላ ክኒኑን ሰጠችው። ሰውየው እዚያው ተንበርክኮ መሬት ሳመ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ጉርሻው አልወርድ ብሎት በውኃ ሲገፋ አየችው።

«ክኒንህን እየዋጥክ አይደለም እንዴ?» አለችው ደንግጣ።

«ጨጓራ ብቻ ከሆነማ በተልባ እችለዋለሁ ብዬ፣ ያኔውኑ ለጎረቤታችን ለየሺመቤት ሰጠኋት» አላት ደረቱን እያሻሸ። «አንጀቴን በላችው። የእሷ ይብሳል።»