ዕጩው የዋሉበት ቤት

በዚያ ዘመን ጦር ወደ ሌላ አገር እልካለሁ የሚል የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሁሉ፣ አስቀድሞ ዕጣ በወጣለት ወታደር ቤት ገብቶ የወታደሩን የቤት ሥራ አንድ ቀን እንዲሠራ ሕግ ያስገድደው ነበር። ዕጣው ደብረ ብርሃን በሚኖሩት በወይዘሮ ትርንጎ ቤት ላይ ሲወጣ ይህ ሁለተኛው ነው።

ዕጩው ዶክተር ናሁሰናይ በማለዳ መጡ። ወይዘሮ ትርንጎ ብዙም ሳይናገሩ ወደ ጓዳ አስገቧቸውና ከወገባቸው በታች ሽባ የሆኑትን ባላቸውን አቶ ድንበሩን አሳዩአቸው።

«አባቱን በየጠዋቱ አንስቶ የሚያጥበው ወታደሩ ልጄ ልዑልሰገድ ነው። ዛሬ እርስዎ ነዎት» አሉ።

ዕጩው ኮታቸውን አውልቀው ሊያነሷቸው ታገሉ። በሦስተኛው ሙከራ እየተንገዳገዱ አቶ ድንበሩን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስቀመጧቸው። ጀርባቸውን ሲያሹ እጃቸው የጥይት ጠባሳ ላይ አረፈ።

«ዘመቻው ቢበዛ ሦስት ወር ነው» አሉ ዕጩው። «ግን ልጅዎ ሲሄድ እሳቸውን ማን ያነሳቸዋል?»

ወይዘሮ ትርንጎ ፎጣ አቀበሏቸው።

«ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የመጡት ዕጩም ውኃ ሲቀዱልን ውለው፣ ‹ድንበሩ ሲዘምት ማን ይቀዳል?› ብለው ከልባቸው አዝነው ነበር። ያኔ ወታደሩ እሱ ነበር። ሰውየው ተመረጡ፤ እሱም ዘመተ።»

ዕጩው በፎጣው የአቶ ድንበሩን ጀርባ አደረቁ።

ከሰዓት በኋላ ሲወጡ ጋዜጠኞች በር ላይ ጠበቋቸው።

«አቋምዎ ተለወጠ?»

«በጣም ከባድ ቀን ነበር» አሉ ዕጩው። «አቋሜ ግን ያው ነው።»

ወይዘሮ ትርንጎ ከውስጥ ሰሙ። ወደ ባላቸው አልጋ ሄደው ጎንበስ አሉ። ክንዳቸውን ከአቶ ድንበሩ ብብት ሥር አስገብተው፣ ብቻቸውን ማንሳት ይችሉ እንደሆነ ሞከሩ።