የእትዬ ሀብትነሽ ግቢ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት

እትዬ ሀብትነሽ ልጃቸውን መክሊትን ሊያርሱ ሞጣ ሄዱ። ሦስት ወር ይቆያሉ። ቢቸና ባለው ግቢያቸው አምስት ተከራዮች ቀሩ።

እስከዚያች ቀን ድረስ የግቢው ሕግ እትዬ ሀብትነሽ ነበሩ። በሩ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የሚዘጋው፣ እሑድ ልብስ የማይታጠበው፣ ውኃ በመጣች ቀን ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ የሚታወቀው በእሳቸው ቃል ነው። ሲሰናበቱ ግን «እናንተው ተስማምታችሁ ኑሩ» አሉ እንጂ ለማንም ሥልጣን አልሰጡም።

መምህር ታዘበው ይህን ቃል እንደ ነፃነት አዋጅ ቆጠረው። የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ የዜግነት ትምህርት ያስተምራል። ስለ ሪፐብሊክ ሲያስተምር ስድስት ዓመቱ ነው፤ የልቡን የሚያደርስ ሪፐብሊክ ግን አላጋጠመውም። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቶቹን ሰበሰበ።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ ንጉሥ የለም» አለ። «በድምፅ ብልጫ ነው የምንተዳደረው።»

ነርሷ ሄለን ሳቀች። ሹፌሩ ባየ «ፕሬዚዳንቱስ ማን ይሁን?» አለ።

«ነገሩን ያመጣው ይሁና» አለች ልብስ ሰፊዋ አስቻለች።

ማዕዘኗ ክፍል ውስጥ የሚኖሩት ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ፣ እጃቸውን አወጡ። ታዘበው በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

በዚያው ስብሰባ በሩ ሦስት ሰዓት እንዲዘጋ ተወሰነ። ሥራ የምታመሸው ሄለን አጨበጨበች። እሑድ ልብስ ማጠብ ተፈቀደ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩን የሚያውከው የባየ አውራ ዶሮ ከግቢ እንዲወጣ ተባለ፤ ባየ ራሱ እያጉረመረመ እጁን አወጣ። ታዘበው ሕዝብ ሲስማማ እንዲህ ነው ብሎ ደስ አለው።

የተቀመጠበትን ወንበር ወደ ቤቱ ሳያስገባ ስልኩ ጠራ።

«ደህና ናችሁ ልጄ?» አሉ እትዬ ሀብትነሽ። «በሩን ሦስት ሰዓት አላችሁት አሉ።»

«ማን ነገረዎት እትዬ?»

«ወሬ እግር አለው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጸዳጃ ቤት ጽዳት ተራ ወጣ፤ እትዬ ደወሉ። የልብስ ማስጫው ገመድ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ሚስማሩ ሳይመታ ደወሉ። በሩ ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም ወደ አንድ ሰዓት ተመለሰ። የግቢው ሰው በጉባኤው እጁን ያወጣል፤ እትዬ «ተው» ካሉ ግን ማንም ከፕሬዚዳንቱ ጎን አይቆምም። ታዘበው አንድ ነገር ገባው። ከመካከላቸው ለድሮው ዙፋን ያደረ ሰው አለ።

ማን ይሆን? ሄለን ስብሰባ ባለቀ ቁጥር «ኔትወርክ ልፈልግ» ብላ ብትወጣም ሐዋሳ እጮኛ አላት። ባየ በየሳምንቱ ሞጣ ቢመላለስም የመሥሪያ ቤት ጭነት ሊያደርስ ነው። አስቻለች ከስፌት መኪናዋ ቀና አትልም።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ግን ሌላ ናቸው። በዚያ ግቢ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ስለተማሩ ንግግራቸው ሰምና ወርቅ አለው። በየማለዳው አጥሩ ጥግ ቆመው ያቺን አሮጌ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ። አይናገሩም፤ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ካርድ ሲሞሉ ታይተው አያውቁም። «የሚደወለው ከወዲያ ነው» ብሎ ደመደመ ታዘበው። «ትእዛዝ እየተቀበሉ ነው።»

በአምስተኛው ቅዳሜ ነገሩን አፈረጠው።

«ከመካከላችን ወሬ አቀባይ አለ።»

ሄለን መሬት መሬት አየች። ባየ ጉሮሮውን ጠረገ። አስቻለች መርፌዋን ልብሷ ላይ ሰካች። ታዘበው ወደ ጋሽ ወልደ ሰንበት ዞር ሲል ግን ሦስቱም ትንፋሻቸው መለስ አለ፤ አብረውት ዞሩ።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ ስልክዎን ያሳዩን።»

«ስልክ የግል ነው» አሉ ሽማግሌው። «አንተ የምታስተምረው መጽሐፍም እንዲህ ሳይል አይቀርም።»

ክፍላቸውን ይልቀቁ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ታዘበው «ድምፅ እንስጥ» ብሎ ሳይጨርስ ሦስት እጅ ወጣ። የእሱ አራተኛ ሆነ።

ጋሽ ወልደ ሰንበት አልተከራከሩም። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ መጻሕፍታቸውን፣ የበግ ለምዳቸውንና ጃንጥላቸውን ባጃጅ ላይ ጫኑ። ቁልፉን ለታዘበው ሰጡት።

«ስምህ ታዘበው ነው አይደል ልጄ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያ ታዘበው።»

ታዘበው ቁልፉን በእጁ አገላበጠው። ሊመልሳቸው ቃጣው። ባጃጇ ከመታጠፊያው ሳትሰወር ግን ስልኩ ጠራ።

«የወልደ ሰንበትን ክፍል ቁልፍ ይዘህ ሞጣ ና» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፤ ዘጉት።

ሽማግሌው ባጃጅ ላይ ሆነው ከሰሱኝ ማለት ነው፣ ብሎ አሰበ። ልቡ ቀለል አለው። አልተሳሳተም።

ማክሰኞ አስፈቅዶ ተሳፈረ። ጉንደ ወይንን አልፎ ሞጣ እስኪገባ የሚናገረውን በልቡ ሲያሰናዳ ቆየ። እትዬ ሀብትነሽ ሕፃኑን ታቅፈው ተቀበሉት፤ የአራሷን ገንፎ ሳይወድ በግድ አበሉት። ቁልፉን ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩ።

«እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎ» አለ ታዘበው። «ሰው በድምፅ የወሰነውን በስልክ ማፍረስ ደግ አይደለም። ጋሽ ወልደ ሰንበት የግቢውን ወሬ ጠዋት ማታ ባያቀብሉዎት ኖሮ እኛ አራታችን ተስማምተን እንኖር ነበር።»

እትዬ ሀብትነሽ ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። ታዘበውን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ወልደ ሰንበት በዚያች ስልኩ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ነው የሚሰማባት። ከዚያ ግቢ አንድም ቀን ደውላችሁልኝ የማታውቁት አንተና ወልደ ሰንበት ብቻ ናችሁ እኮ።»