በቱቦው አፍ ላይ

ወንዝ የመካኒኩን ታናሽ ወንድም ከነመኪናው ወሰደው። ወንድሙን ቀበረ፤ መኪናዋን ግን ጨክኖ መጣል አልሆነለትም፣ ጠገናት። ዳግመኛ ሞተሯ ውሃ እንዳይጠጣ ደግሞ ከአየር ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው፣ እስከ ጣሪያዋ አየር የምትስብበት የፕላስቲክ ቱቦ ሠራላት።

"በይ አስነሺ!" አላት መሪው ላይ የተቀመጠችውን ሚስቱን።

ቱቦው አየር የሚያፈስበት ቀዳዳ ከሌለ፣ አፉ ሲደፈን ሞተሩ ታፍኖ መጥፋት አለበት። መዳፉን የቱቦው አፍ ላይ ለጠፈ። ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ።

"እሰይ! እጄ ይባረክ!"

መዳፉ ግን አልላቀቅ አለው። ቱቦው አሁንም ይስባል።

"አጥፊው እንጂ፣ ሴትዮ!"

"ጠፍቷል እኮ! ቁልፉም ይኸው፣ እጄ ላይ ነው።"

መሳቡ ቆመና ጭቃ ጭቃ የሚሸት ለብ ያለ ትንፋሽ መዳፉን ሽቅብ ገፋው።

"ጋሼ" አለው የሚያውቀው ድምፅ ከቱቦው ውስጥ፣ "እጅህን አንሳልኝ፤ አየር አጠረኝ።"